መብራት የሚኖርበት ከተማ

ልጅ ሳለሁ መብራት የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነበር። እኛ መንዝ ውስጥ ኩራዝ ነበረን፤ ጋዝ ሲያልቅ ደግሞ የምድጃው እሳት ነበረን። አባቴ በግ ሸጦ ከደብረ ብርሃን በተመለሰ ቁጥር ስለ ከተማው የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለችውን ነገር ጫን ሲያደርጓት ቤቱ ቦግ ይላል። እኔ ግን አልገረመኝም። የከተማው ስም ራሱ የብርሃን ተራራ ነው፤ ብርሃን ከዚያ ሌላ የት ሊኖር ነው? አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሌሊት ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩበት፣ አገሩም በዚያ እንደተሰየመ አያቴ ትነግረን ነበር። (ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች እንዳሉ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። አያቴ ብትሰማው ደስ የሚላት ይመስለኛል፤ ኮከቡ በየ76 ዓመቱ ገደማ ተመልሶ ይመጣልና።)

ከዓመታት በኋላ አራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ ሆኜ ስለ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ ስለ አብዱስ ሰላም ሳነብ አንድ ታሪክ ላይ ደረስኩና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አጥፌ ቆየሁ። አብዱስ ሰላም ያደገው ጃንግ በምትባል ከተማ ነው፤ ያኔ በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ሕንድ፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ። ትምህርት ቤት መምህሩ ስለ ተፈጥሮ ኃይሎች ሲያስተምሩ መጀመሪያ ስበትን አነሡ። ቀጥለው ማግኔትን አሳዩ። ከዚያም ኤሌክትሪክ የሚባል ኃይል እንዳለ፣ እሱ ግን ጃንግ እንደማይኖር፣ የሚኖረው የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ላሆር እንደሆነ ነገሯቸው። የኑክሌር ኃይልማ አውሮፓ ብቻ ነው ያለው አሉ።

ይህን ሳነብ የአባቴ ድምፅ ነው የተሰማኝ። ከእኛ ቤት እጅግ ርቆ፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሃይማኖት፣ ያው የእኔ ልጅነት ተጽፎ አገኘሁት።

ያ ልጅ አድጎ፣ ጃንግ አይኖርም የተባለው ኤሌክትሪክና መምህሩ ስሙን እንኳ ያላነሡት ሌላ ኃይል፣ ደካማው ኃይል የሚባለው፣ ከሥራቸው አንድ መሆናቸውን ካሳዩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሼልደን ግላሾውና ከስቲቨን ዋይንበርግ ጋር የፊዚክስ ኖቤልን የተቀበለው ለዚህ ሥራ ነው።

የሕይወቱን መጀመሪያ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1926 ነው። በ14 ዓመቱ በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና እስከዚያ ድረስ ማንም ያላገኘውን ከፍተኛ ውጤት አመጣ። ውጤቱ በተሰማ ዕለት በብስክሌት ወደ ከተማው ሲገባ ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ተቀበለው። በ1946 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ካምብሪጅ ገባ፤ ሒሳብንም ፊዚክስንም በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰ። ጎበዝ ተማሪ ነበር ማለት ነው። ጎበዝ ተማሪ ግን እኛም አገር ሞልቷል፤ እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ አንዲት ልጅ ልናገር።

የመጀመሪያ የማስተማር ዓመቶቼ መንዝ ውስጥ ነበሩ። ክፍሌ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ልጆች ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ንጋት ላይ የሳምንት ስንቃቸውን፣ ቆሎውን፣ በሶውን፣ ድፎ ዳቦውን ተሸክመው በውርጭ ይገባሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የመንዝ ጠዋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ጣት ጠመኔ አልይዝ ይላል። ደወል እስኪደወል ተማሪው ሁሉ የክፍሉን ምሥራቃዊ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። እኔም አብሬያቸው እሞቅ ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ ሞቀን ከገባን በኋላ ስለ ኑክሌር ውህደት፣ ቀላል አተሞች ተዋሕደው ኃይል ስለሚሰጡበት መንገድ፣ ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ፀሐይ የሃይድሮጂን ቦምብ ከሚነድበት ነገር የተሠራች ከሆነች፣ አለችኝ፣ ቦምቡ በቅጽበት ሲያልቅ ፀሐይ ለምን አንድ ጊዜ ነድዳ አላለቀችም? ማን ነው ቀስ እያለች እንድትነድ ያደረጋት?

መልሱን አላውቀውም ነበር። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ያልኩት ነው፦ «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ወደ ሥራችን እንመለስ።» ልጅቷ እጇን አወረደች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ዓመት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

አሁን ወደ አብዱስ ሰላም። ለዶክትሬቱ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ሩዶልፍ ፓየርልስ ነበሩ። እሳቸውም አንድ ጥያቄ አነሡ፦ የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን መጠነ ቁሱ ዜሮ የሆነበትን ምክንያት እናውቃለን፤ የሌላዋ ደቂቅ ቅንጣት፣ የኒውትሪኖ ግን ለምን ዜሮ ሆነ? አብዱስ ሰላም መልስ አልነበረውም። ፓየርልስ ራሳቸውም አልነበራቸውም። ፈታኝ፣ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ለተፈታኝ ሰጠ! እኔ ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ የዘጋሁትን በር እሳቸው በፈተና መካከል ከፈቱት። ጥያቄው ከተማሪው ጋር ለዓመታት ኖረ።

በ1956 ሲያትል ላይ፣ ቺን ኒንግ ያንግ ከባልደረባው ከትሱንግ ዳኦ ሊ ጋር ያነሣውን ሐሳብ ሲያቀርብ ሰማ፤ በደካማው ኃይል ሥራ ተፈጥሮ ግራንና ቀኝን፣ አንድን ነገርና የመስታወት ምስሉን እንደማለት፣ እኩል ላታይ ትችላለች የሚል ነው። ወደ ለንደን የተመለሰው በሌሊት በረራ፣ በአሜሪካ አየር ኃይል ማመላለሻ ነበር፤ ሕፃናት እያለቀሱ እንቅልፍ እምቢ አለው። በዚያች ሌሊት የፓየርልስ ጥያቄና የሰማው ነገር ተገናኙለት፦ ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ የሌለው ከሆነ ግራና ቀኝ መለያየታቸው የግድ ነው። ሲነጋ ሐሳቡን ይዞ ፓየርልስ ዘንድ ሄደ። እሳቸው ግን ግራና ቀኝ ይለያያል ብዬ አላምንም፣ እንዲህ ያለውን ነገር በጉጠት እንኳ አልነካውም አሉት። ለታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ለቮልፍጋንግ ፓውሊም ዙሪክ ድረስ ላከላቸው። መልሳቸው፦ ለወዳጄ ሰላም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፣ የተሻለ ነገር እንዲያስብም ንገሩልኝ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ጥር 1957፣ ቺየን ሹንግ ዉ የመራችው ሙከራ ተፈጥሮ በእርግጥ ግራንና ቀኝን እንደምትለይ አረጋገጠ። ፓውሊ ደብዳቤ ጽፈው ይቅርታ ጠየቁት። (ኒውትሪኖ ኢምንትም ብትሆን መጠነ ቁስ እንዳላት በኋላ ታውቋል፤ ሳይንስ እንዲህ ነው፣ መነሻው ተስተካክሎ መድረሻው ይቆማል።) እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የማስበው ስለ ፓውሊ አይደለም፤ ስለዚያች እጇን ስላወረደች ልጅ ነው። አብዱስ ሰላም በዚያን ጊዜ 30 ዓመቱ ነበር፣ ካምብሪጅን ያየ፣ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ቆመ። የ17 ዓመት ልጅ በምን ትቆማለች?

ጥያቄዋን የመለሰልኝ የሰውየው ሥራ ነው። ስለዚህ ልተርከው።

ፀሐይ መሐሏ ላይ የሃይድሮጂን እምብርት የሆኑት ፕሮቶኖች አሉ። እሳት የሚሆኑት ሲዋሐዱ ነው። ሁለት ፕሮቶኖች ብቻቸውን ግን ተጣብቀው አይቀሩም፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፣ ይገፋፋሉ። ተቀራርበው በተነካኩባት ቅጽበት ከሁለቱ አንዱ ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት፤ ያን ጊዜ ብቻ ይያያዛሉ። ፕሮቶንን ወደ ኒውትሮን የሚለውጠው ደግሞ ደካማው የኑክሌር ኃይል የሚባለው ነው። ስሙ እንደሚለው ደካማ ነው፣ እጁ አይፈጥንም። ስለዚህ በፀሐይ መሐል ያለ አንድ ፕሮቶን ተጋጭቶ፣ ተጋጭቶ፣ ተራው እስኪደርሰው በአማካይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ይጠብቃል። ቦምቡ ውስጥ ይህ ወረፋ የለም፤ እዚያ የሚነዱት ኒውትሮን ቀድሞውን ያላቸው የሃይድሮጂን ዓይነቶች ናቸው። ፀሐይ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነድዳ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት። የመንዝን ገብስ የሚያበስለው፣ በዚያ ግድግዳ ሥር ጣታችንን ያፍታታልን የነበረው የደካማው ኃይል ቀርፋፋነት ነው።

ታዲያ ለምን ደካማ ሆነ? የአብዱስ ሰላምና የባልደረቦቹ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ኃይል ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው የሚደርሰው በመልእክተኛ ነው እንበል። የኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል መልእክተኛ ፎቶን ነው፤ ሸክም የለውም፣ ከከዋክብት ተነሥቶ ዓይናችን ድረስ ይመጣል። የደካማው ኃይል መልእክተኞች፣ ደብሊውና ዚ የተባሉት፣ ከባድ ናቸው፤ ደብሊው ከአንድ ፕሮቶን 85 ጊዜ በላይ ይበልጣል። አንዱ ሰው እጁን እያወዛወዘ ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ሲወጣ፣ ሌላው በዚያው ዳገት ኩንታል ገብስ ተሸክሞ እንደሚወጣ አስቡት። ባለ ኩንታሉ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይቀመጣል። ሁለቱ ሰዎች ግን ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነታቸው ሸክሙ ነው እንጂ ዘራቸው አይደለም። ኃይለኛ ሙቀት ባለበት፣ ዩኒቨርስ ገና እንደተወለደ በነበረው ጊዜ፣ ሸክሙ አልነበረም፤ ሁለቱ ኃይሎች አንድ ነበሩ።

ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤሌክትሪክንና ማግኔትን አንድ ካደረገ ወዲህ እንዲህ ያለ መዋሐድ አልታየም ነበር። ዋይንበርግ በ1967፣ አብዱስ ሰላም በ1968 ለየብቻቸው አቀረቡት፤ ለተወሰኑ ዓመታት ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። በ1971 ወጣቱ የሆላንድ ተወላጅ ኸራርድ ቶፍት ስሌቱ እንደሚሠራ አሳየ፤ በ1973 ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ፣ ንድፈ ሐሳቡ መኖር አለበት ያለው ዚ የሚያመላልሰው ግብረ ምላሽ ተገኘ፤ በ1983 ደብሊውና ዚ ራሳቸው እዚያው ተያዙ። ኖቤሉ ከመያዛቸው አራት ዓመት ቀድሞ መሰጠቱን ልብ በሉ። ሰው በወረቀትና በእርሳስ ተቀምጦ ያላየውን ነገር ክብደት መናገሩ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

እኔን ግን ከንድፈ ሐሳቡ እኩል የያዘኝ የላሆር ታሪክ ነው።

በ1951 አብዱስ ሰላም ወደ አገሩ ተመለሰ። ካምብሪጅ መቅረት ይችል ነበር፤ አልቀረም። ሊያስተምር የገባበት ኮሌጅ ግን ምርምሩን የሚጠይቀው አልነበረም። ከማስተማሩ ሌላ ተጨማሪ ሥራ ምረጥ ተባለ፦ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነት፣ ሒሳብ ሹምነት፣ ወይም የእግር ኳስ ቡድን። እግር ኳሱን መረጠ። አዲስ ወረቀት የሚያነብበት መጽሔት አልነበረም፣ አብሮት የሚያወራ ሰው አልነበረም። ፓውሊ ቦምቤይ መምጣታቸውን ሰምቶ ሊያያቸው ቢሄድ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተሃል ተብሎ ተቀጣ። በ1953 እሱ በነበረበት፣ ሙስሊም ነን ቢሉም ሌሎች ሙስሊሞች በማይቀበሏቸው የአህመዲያ ማኅበረሰብ ላይ ላሆር ውስጥ ሁከት ተነሣ። በ1954 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶም ለንደን፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። አገሩን ወይም ፊዚክስን መምረጥ ነበረበት፤ ያ ምርጫ ዕድሜውን ሙሉ ቆረቆረው።

ይህን ስሜት አውቀዋለሁ፤ ራሴን ከእሱ ጋር ላስተካክል አይደለም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ዓመት የግቢ ማስዋብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደርጌ ነበር። ችግኝ መትከል ክቡር ሥራ ነው፣ ወድጄውማለሁ። የሚከብደው ግን ማታ ነው። አንድ እኩልታ ያስቸግርሃል፣ ሦስት ቀን ታስበዋለህ፣ አራተኛው ቀን ላይ የምትነግረው ሰው የለም። አምስተኛው ቀን ላይ ማሰቡን ትተዋለህ። ደመወዙ አይደለም ሰውን የሚያጠፋው፤ እንዲህ አንዳንድ እኩልታ እየተዉ መኖር ነው።

እናቴ እሳት ስታያይዝ «ኩበት ብቻውን አይነድም» ትል ነበር። እንጨት በሌለበት በእኛ አገር ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። አንዱን ኩበት ከምድጃው አውጥተህ ለብቻው ብታስቀምጠው የቱንም ያህል ቢቀላ ይጨሳል፣ ይጠፋል። መልሰህ ከሌሎቹ ጋር ስታስጠጋው ያው ኩበት ይነዳል።

አብዱስ ሰላም ያደረገው ማስጠጋት ነው። በ1960 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጉባኤ ላይ የፓኪስታን ልዑክ ሆኖ ተነሣና፣ ከድሃ አገሮች የመጡ ሳይንቲስቶች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ይቋቋም አለ። ብዙዎቹ ባለጠጋ አገሮች አልተዋጠላቸውም። ጣሊያን ግን ቦታ ሰጠች፤ በ1964 ማዕከሉ ትሪየስት ላይ ተከፈተ። (ጣሊያን ሲባል እኛ ሸዋዎች ቀድሞ ትዝ የሚለን ጣርማበር ላይ ተራራውን በስተው ያለፉት ዋሻ ነው። ትሪየስትን ሳውቅ ስለዚያ አገር ሌላ ነገርም ማሰብ ጀመርኩ።) እስከ 1993 ድረስ ማዕከሉን የመራው እሱ ነው።

ከሁሉ የማደንቀው የተባባሪነት ሥርዓቱን ነው። በአገሩ የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር ለተወሰኑ ዓመታት ይመረጣል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለጥቂት ወራት ትሪየስት እየመጣ ያነባል፣ ይከራከራል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይመለሳል። አብዱስ ሰላም ላሆር ሳለ አጥቶት የነበረው ይህ ነው፤ ሳይሰደዱ መገናኘት።

እኛ ይህን ነገር እናውቀዋለን እኮ። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። በልጅነታቸው አኩፋዳቸውን አንግተው፣ ቁራሽ እየለመኑ፣ ውሻ እየተከላከሉ፣ ቅኔን ዋሸራ፣ ድጓን ቤተልሔም ድረስ ሄደው ተምረዋል። ትምህርቱ ያለው ሊቁ ባለበት ነው፤ ስለዚህ ይኬዳል። ተምረው ሲጨርሱ ግን መንዝ ተመልሰው ጉባኤ ተከሉ። በየጊዜው ደግሞ ብድግ ብለው ሰም ወርቁ የተቋጠረበት ቅኔ ይዘው የድሮ ጓደኞቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው። ያኔ ናፍቆት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እሳታቸውን ሊያስጠጉ ነበር የሚሄዱት።

አራት ኪሎ ካስተማሩኝ መምህራን አንዱ ትሪየስት ደርሰው የመጡ ነበሩ። ሲመለሱ ያመጡት በሻንጣ ሙሉ የተባዛ ማስታወሻ ነው። እሱን ለእኛ እንደገና አባዙልን፤ የእኔ ቅጂ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ስለ መጨረሻው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1974 የፓኪስታን ፓርላማ አህመዲያዎችን ሙስሊም አይደሉም ብሎ ደነገገ፤ አብዱስ ሰላም በተቃውሞ ከመንግሥት የሳይንስ አማካሪነቱ ለቀቀ። ዜግነቱን ግን አልለወጠም። ከአምስት ዓመት በኋላ ስቶክሆልም ላይ ኖቤሉን ሲቀበል ሌሎቹ የአውሮፓን ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ እሱ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ የአገሩን ረጅም ካባና ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ጫማ አድርጎ ቀረበ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1996 ኦክስፎርድ ውስጥ ሞተ፤ ፓኪስታን፣ ራብዋ ተቀበረ። መቃብሩ ላይ የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ ተብሎ ተጽፎ ነበር። «ሙስሊም» የሚለው ቃል በባለሥልጣናት ትእዛዝ ተፋቀ። አሁን ድንጋዩ ላይ ያ ቃል የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ፎቶግራፉን ካየሁት ቆይቷል፤ ያ ባዶ ቦታ ከዓይኔ አልጠፋም። በብስክሌት ሲገባ መንገድ ዳር ቆሞ የተቀበለው አገር ነው ይህን ያደረገው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የእነሱን የእምነት ክርክር ልዳኝ አልችልም፤ የሞተ ሰው ስለ ራሱ ያመነውን ከመቃብሩ ላይ መፋቅ ግን ግፍ ነው።

ያቺን ልጅ ያለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አገኘኋት። እሷ ናት ያወቀችኝ፤ «ቲቸር!» ብላ ከኋላዬ ጠራችኝ። ልጅ አዝላለች። መሐል ሜዳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ወደዚያው ልትሳፈር ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «አንድ ዕዳ አለብኝ» አልኳት። ጥያቄዋን ረስታው ይሆናል ብዬ ላስታውሳት ስጀምር ከአፌ ቀማችኝና ራሷ ጨረሰችው። አልረሳችውም።

እዚያው ብርዱ ላይ ቆመን ነገርኳት፤ ፕሮቶኖቹን፣ ወረፋውን፣ ደካማውን ኃይል። ረዳቱ «መሐል ሜዳ! የሞላ! መሐል ሜዳ!» እያለ ይጣራል። ዕቃዋን አቀበልኳትና ገባች። ስለ ከባዱ መልእክተኛ፣ ስለ ኩንታሉ፣ በመስኮት እየጮህኩ ነገርኳት። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቷን አወጣች። «ቲቸር፣ ወንድማማች ከሆኑ ታዲያ ኩንታሉን ለአንዱ ብቻ ማን አሸከመው?»

ስልኳን ተቀብያት ነበር። ማታ ልጇን አስተኝታ ስትጨርስ ደወልኩላት።